ለአንዱ የተከፈተ ኬላ

መተማ ዮሐንስ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ስለ ኬላ የመተማን ሰው ላስተምር አልመጣሁም። ከጎንደር እዚህ እስክትደርሱ ስንት ጊዜ ከመኪና እንደምትወርዱ፣ ስንት ጊዜ ሻንጣ እንደሚፈታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ፈታሹ በአእምሮው የያዘው ዝርዝር አለው። ስሙ የተነገረውን፣ መልኩ የተገለጸለትን ሰው ይይዛል፤ ሌላውን ያሳልፋል። ቀዳዳውም አይጠፋችሁም፤ በጫካው የሚታለፍበትን የእግር መንገድ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ያውቀዋል። መንገድ ለአንድ ሰው ተብሎ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ማን እንደሚሄድበት የሚቆጣጠር የለም። ስለ ስልካችሁና ስለ ኮምፒውተራችሁ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

በአንድ ፍላሽ ልጀምር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣ ሰሞን አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። የሴት ልጃቸው የሠርግ ፎቶ ነው ያለበት። ልጅቱ አግብታ ካርቱም ትኖር ነበር፤ ስልኳ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ፍላሹ ከፎቶ ቤት ወጥቶ ዘፈን የሚጫንበት ሙዚቃ ቤት ደርሷል፤ ከዚያም አንድ ዘመድ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶታል። ስከፍተው «ሠርግ» የሚል ፎልደር አለ። ጥጉ ላይ ግን ትንሽ ቀስት ተለጥፋበታለች፤ መጠኑም 1 ኪሎባይት ይላል። በመቶ የሚቆጠር ፎቶ በ1 ኪሎባይት አይቀመጥም። ሰው ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ይህንን ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው የራሱን ቀስት ያስቀምጣል። ቀስቷን ስትነኩ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፣ ቀጥሎ ፎቶው ይከፈታል። ፎቶው ስለተከፈተ ማንም አይጠረጥርም። በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ የተደበቁት አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እናትየዋ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና «ጠፍታብኝ መስሎኝ» አሉ። ስለ ፎቶው ይሁን ስለ ልጃቸው አልጠየቅኋቸውም።

እንዲህ ያለውን ቫይረስ አንቲቫይረስ በደንብ ይይዘዋል። አያያዙ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የታወቀ ቫይረስ እንደ ሰው የጣት አሻራ የራሱ ምልክት አለው፤ አንቲቫይረሱ የእነዚህን ምልክቶች ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን ፋይል ያመሳክራል። እ.ኤ.አ. በ1986 ላሆር፣ ፓኪስታን የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ ሲሠሩ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን ጭምር ውስጡ ጽፈውበት ነበር። ያኔ መያዙ ቀላል ነበር። ዛሬ የሚሠሩት መልካቸውን በየሰዓቱ ይቀይራሉ። ስለዚህ አንቲቫይረሶቹ ጠባይም መመልከት ጀምረዋል፦ አንድ ፕሮግራም ድንገት ፋይሎችን ሁሉ መቆለፍ ከጀመረ፣ የማይመለከተውን ነገር ከነካ ያስቆሙታል። ቢሆንም አንዱ ዋና መሣሪያቸው አሁንም ዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩ የሚታደሰውም በኢንተርኔት ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት የሌለበት አገርስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስንት ወር እንደቆየን ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ሰው ስልኩን መጠቀም አላቆመም። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ አፑ ሁሉ በዜንደርና በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ከኪስ ወደ ኪስ ተላለፈ። ሼርኢት ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነ አፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ሌላ አፕ ሊገባባቸው የሚችሉ ቀዳዳዎች እንዳገኘበት ይፋ አደረገ፤ በኋላ ተደፈኑ። መደፈናቸው ግን የሚጠቅመው አዲሱን ላወረደ ሰው ነው። አሮጌውን ከጎረቤቱ ስልክ በብሉቱዝ የተቀበለ ሰው ቀዳዳውን አብሮ ተቀብሏል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዜናና ገንዘብ ብቻ የሚቋረጥ ይመስለናል፤ ጥገናውም አብሮ ይቋረጣል። ይህንን ጉዳት ሲቆጥር ያየሁት ባለሥልጣን የለም፤ ሊቆጠር ይገባል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ተበክሎ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች በርካሽ ዋጋ በሚሸጠው ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልክ ላይ ያገኙትን አወጡ። «ትሪያዳ»ና «ኤክስሄልፐር» የሚባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ገዢው ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ውስጡ ነበሩ። ባለቤቱ ሳያውቅ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ያስመዘግቡታል፣ ካርዱን ይበላሉ፣ ዳታውን ይጨርሳሉ። ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የክፍያ ሙከራዎች ተመዝግበዋል፤ በብዛት ከታየባቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እናት ኩባንያው ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት መንገዱ ላይ ካለ ሌላ አካል እንደመጣ ገልጾ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ስልኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲጀመር እንኳ የሚመለስ ነው። «ፎርማት አድርገው» የሚለው ምክራችን እዚህ ላይ አይሠራም።

«ካርዴን ቴሌ በላው» የሚሉ ስንት ሰዎች ሰምቻለሁ! አንዳንዶቹ ከኪሳቸው ያለውን ሌባ ሲመግቡ የኖሩ ይሆናሉ።

ጠባቂውንም ቢሆን መጠየቅ ያስፈልጋል። አቫስት የሚባለውን ነፃ አንቲቫይረስ ብዙዎቻችሁ ጭናችሁት ይሆናል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ምክንያቱ፦ ደንበኞቹ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ እየመዘገበ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ነበር። ከሰላዮች እጠብቃችኋለሁ ብሎ የገባ ነው። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 11 ከሆነ አብሮት የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ሌላ ለመጫን ገንዘብ አታውጡ። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ከፍላሽ መጫን ደግሞ ሌባ ጠርቶ በሩን ጠብቅልኝ ማለት ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ለሁሉም ሰው መረብ ስለሚጥለው ሌባ ነው። አሁን አንድን ሰው ለይቶ ስለሚመጣው ልናገር፤ ብዙ የማይነገር ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ወደ ገላባት የሚያሻግረውን ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት መንግሥታት በብዙ ነገር ተጣልተዋል፤ በእርሻ መሬት ሳይቀር ደም ፈሷል። በአንድ ነገር ግን የአንድ ሱቅ ደንበኞች ነበሩ። ሱቁ ሚላን፣ ጣሊያን ይገኝ የነበረው ሃኪንግ ቲም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የዚህን ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ይጠቀማሉ ብሎ የጠረጠራቸውን 21 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያም ሱዳንም ነበሩበት። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ አደባባይ ወጣ። ከሱዳን የደህንነት አገልግሎት ጋር የተፈጸመ የ480,000 ዩሮ ሰነድ ተገኘ፤ ከአገራችን በኩልም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛ እንደነበረ ታየ።

ፕሮግራሙ ምን ያደርግ ነበር? ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከገባ የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ ይቀዳ፣ ማይክራፎኑን ይከፍት፣ በስካይፕ የሚወራውን ይመዘግብ፣ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣ ነበር። አገባቡ ግን ከሾርትከት ቫይረሱ እምብዛም አይለይም ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችን ኮምፒውተር ለመያዝ ተሞክሯል፤ አንዱ ቤልጂየም፣ ሌላው አሜሪካ ቨርጂኒያ ነበሩ። በስካይፕ ጽሑፍ መስሎ ፋይል ተላከላቸው። ምልክቱ የፒዲኤፍ ነው፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ ግን ኢ-ኤክስ-ኢ ይላል። ኢ-ኤክስ-ኢ ማለት የሚነበብ ሳይሆን የሚነሣ ፕሮግራም ማለት ነው። የእናትየዋ ፍላሽ ላይ የነበረችው ቀስትም ሥራዋ ይኸው ነበር፤ የምትወዱትን ነገር መልክ ይዞ መምጣት።

ከዚያ በፊትም ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ፕሮግራም የተቃዋሚውን የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራበት ተገኘ፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ካለ ኮምፒውተር ነበር። ሜሪላንድ የሚኖር በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ተገኘበት፤ ለቤተሰቡ ፈርቶ ፍርድ ቤት ውስጥ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም ቀረበ። ፕሮግራሙ የገባው አንድ የሚያውቀው ሰው ያስተላለፈለትን የኢሜይል አባሪ ሲከፍት ነው። ወደ አምስት ወር ያህል የቤተሰቡ ንግግር ተቀድቷል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሳይቀር። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰለት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ክሱን ዘጋው። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ ጉዳቱ የደረሰው አሜሪካ ውስጥ ቢሆንም ድርጊቱ የታቀደውና የተላከው ከውጭ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ እዚያ አልተፈጸመም፤ ስለዚህ ባዕድ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም። ድንበር ተሻጋሪ ሰው ሲሆን ይያዛል፤ ድንበር ተሻጋሪ ስለላ ግን ድንበሩን መሻገሩ ራሱ መከላከያ ሆነለት።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ሰዎችና ሌሎችንም ሲያድን ተያዘ። ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻችሁን አድሱ ይል ነበር። የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች የደረሱበት የስለላው አገልጋይ ኮምፒውተር መዝገቡን ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ክፍት ስለተወው ነው። በ20 አገሮች ያሉ የተያዙ መሣሪያዎችን ከዚያ ቆጠሩ። ከተነጣጠረባቸው አንዱ የኢሳት፣ አንዱ የኦሮሚያ ሚዲያ መሆኑን አስተውሉ። መሣሪያው ዘር አይለይም፣ ወገን አይመርጥም፤ ማንም ቢይዘው ወደ ሌላው ያነጣጥራል።

«አንቲቫይረስ ይህን ለምን አልያዘውም?» ትሉኝ ይሆናል። ሻጮቹ ዕቃቸውን ከመሸጣቸው በፊት ገበያ ላይ ባሉት አንቲቫይረሶች ሁሉ ይፈትኑታል፤ ከሃኪንግ ቲም የወጡት ደብዳቤዎች ይህን ያሳያሉ። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ኬላውን ያልፋል፤ እነሱ ዝርዝሩን አስቀድመው አንብበውታል።

አሁን የንግግሬ ፍሬ ላይ ደርሻለሁ። ብዙ ሰው «እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም፣ ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ ሰሊጥ እነግዳለሁ፣ ማን ይሰልለኛል?» ይላል። እንዲህ የሚል ወንድሜን አልነቅፈውም። ነገር ግን የስለላ ፕሮግራም የሚገባው በቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን ያገኘ ሰው ደግሞ ወይ ለአምራቹ ነግሮ ያስደፍነዋል፣ ወይ ለመሰለል ሲል ይደብቀዋል። ከደበቀው ቀዳዳው በሁላችንም ስልክ ላይ ይቆያል። ከሃኪንግ ቲም ሰነዶች ጋር አብሮ የወጣ የፍላሽ ማጫወቻ ቀዳዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘብ ዘራፊዎች እጅ ገብቶ ተሠርቶበታል። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤን-ኤስ-ኤ ደብቆ የያዘው የዊንዶውስ ቀዳዳ ደግሞ ተሰርቆ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ይፋ ወጣ፤ በግንቦት «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ ሆኖ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ አስፈታ። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ለሰላዩ ተብሎ የተተወው የጫካ መንገድ የሽፍታ መንገድ ሆነ። የሰሊጥ ነጋዴው ቴሌብር ላይ ያስቀመጠው ገንዘብ፣ ከሱዳን የተሰደደው ወንድማችን በሱዳኑ የባንክ አፕ በባንካክ የሚቀበለው እርዳታ በዚያው መንገድ ይወሰዳል።

መንግሥት ወንጀለኛን አይከታተል እያልኩ አይደለም። በጎንደር መተማ መንገድ ላይ ሰው ይታገታል። አጋቾቹ መጀመሪያ የሚከፍቱት የታጋቹን ስልክ ነው፤ ከዚያ የዘመዶቹን ቁጥር፣ የባንክ መልእክቱን አይተው ስንት እንደሚጠይቁ ይወስናሉ። እንዲህ ያለውን ወንጀለኛ ስልኩን ጠልፎ መያዝ ተገቢ ነው። ሕጉም መንገድ አበጅቷል፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መጥለፍ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋል፣ አስቸኳይ ሲሆን ያለ ፈቃድ ተጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲቀርብ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321 ነው። የጎደለው ሕዝብ የሚያየው ሂሳብ ነው። በየዓመቱ ስንት ፈቃድ እንደተጠየቀ፣ ፍርድ ቤቱ ስንቱን እንደከለከለ ይነገረን፤ ከውጭ የተገዛ የስለላ መሣሪያ ካለ ምክር ቤቱ ይወቀው። ስም አይጥሩ፣ ምርመራ አያበላሹ፤ ቁጥሩን ይንገሩን። ይህን መጠየቅ የዜጋ ድርሻ ነው፤ የትኛውም አፕ አይተካውም።

እጃችን ላይ ያለውን ደግሞ እንሥራ። ስልካችሁን አውጡ። «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ «ተደራሽነት» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ፈልጉ። ማየት ወይም መስማት ለሚቸግረው ሰው የተሠራ ነው፤ ይህ ፈቃድ የተሰጠው አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብና በእናንተ ምትክ መንካት ይችላል፤ የምስጢር ቁጥራችሁንም ጭምር። እዚያ በርቶ የምታዩት የማታውቁት አፕ ካለ አጥፉት። በቴሌግራም የመጣ፣ መጨረሻው ኤ-ፒ-ኬ የሚል ፋይል፣ የባንክ ስም ቢኖረው እንኳ አትጫኑ። ዋይፋይ ባገኛችሁ ጊዜ ከፊልም በፊት አፕዴት አውርዱ። ስልክ ስትገዙ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ መቼ እንደሆነ ተመልከቱ፤ «ስለ ስልኩ» የሚለው ውስጥ ቀኑ ተጽፏል። ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ቴሌብር አትጫኑበት፤ ለማውራት ይሁን።

ሞባይል ጠጋኝ ወጣቶች ከኋላ ተቀምጣችኋል፤ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። ይህ ከተማ ከማንኛውም አንቲቫይረስ ይልቅ የሚያምነው እናንተን ነው። ባለፈው አንድ ሱቅ ገብቼ ለጥገና የተቀመጡትን ስልኮች አየሁ። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በነጭ ፕላስተር የባለቤቱ ስም፣ ከሥሩም ዘጠኝ ነጥብ ተነጥቦ ፓተርኑ በእስክሪብቶ ተሥሏል። በአንዱ ላይ የቴሌብር ቁጥርም ነበረበት። ልጁ ክፋት የለውም፤ ደንበኛው ገበያ ውሎ እስኪመለስ ስክሪኑን ሊሞክር ፈልጎ ነው። ግን መደርደሪያው ለመንገዱ ክፍት ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ያነባል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «መምህር፣ ሰው ግን ይቸኩላል» አለኝ።

በሳምንቱ ስመለስ ፕላስተሮቹ ላይ ስም ብቻ ነበር። አንድ አዛውንት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ስክሪኑ ተገጥሞ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ሲያልቅ ስልኩን ለእሳቸው ሰጣቸውና እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዛውንቱ በአመልካች ጣታቸው ቀስ ብለው ፓተርናቸውን ሣሉ።